ጥሩር እንደ ዕዳ፦ የወንጀል ድርጅት ብረት ለበስ ተዋጊ በሳይንሳዊ ልቦለድ

1. መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለፈጠራ ድርሰት ኮርስ አሥራ ሁለት ገጽ ያለው አጭር ልቦለድ አቀረበ። ታሪኩ የሚፈጸመው ገና ባልመጣ ዘመን፣ ስሟ ባልተጠቀሰ ከተማ ውስጥ ነው። ዋናው ገፀ ባሕርይ የአንድ ግዙፍ የወንጀል ድርጅት ምርጥ ተዋጊ ሲሆን፣ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ በብረት ተሸፍኗል። ከአሥራ ሁለቱ ገጾች ዘጠኙ የብረቱን ውፍረት፣ በክንዱ ላይ የተገጠመውን መሣሪያና የሞተሩን ጉልበት ይዘረዝራሉ። ሰውየው ግን ስም እንኳ የለውም፤ "ቁጥር ሰባት" ብቻ ይባላል። ድርሰቱ በመምህራን ክፍል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር "ይህ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ነው ወይስ የመሣሪያ ግምጃ ቤት?" ተባለና ተሳቀ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም አብሮ ሳቀ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ "ሰውየው የት አለ?" ብሎ ጽፎ ድርሰቱን መለሰ። ተማሪው ከዚያ በኋላ ያቀረባቸው ድርሰቶች ሁሉ መምህራን የለመዷቸው ዓይነት፣ ጥንቃቄ የበዛባቸው ታሪኮች ሆኑ። ወደዚያኛው ዓለም አልተመለሰም።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ስሕተቱ ጥያቄው እንደ ፍርድ መቅረቡ ነው። ተማሪው "ሰውየው የት አለ?" ለሚለው መልስ የሚያገኝበትን መንገድ ማንም አላሳየውም፤ መንገዱ ግን ነበር። በብረት የተሸፈነ ተዋጊ በሳይንሳዊ ልቦለድ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ምስል ነው፤ በወንጀል ድርጅት እጅ ሲገባ ደግሞ የራሱ የሆነ ትርጉም ይይዛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ትርጉም ማብራራት ነው። ዋና ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ በወታደር ላይ የሚታየው ጥሩር በመሐላ የተገኘ ሲሆን፣ በወንጀል ድርጅት ተዋጊ ላይ የሚታየው ጥሩር ግን ዕዳ ነው። ብረቱን ያሠራው፣ የከፈለበትና ሊያወልቀው የሚችለው ከለባሹ ሌላ የሆነ ሰው ነው። በመሆኑም የዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ግጭት የሚመነጨው ብረቱ ባለቤት ካለው ብቻ ነው፤ ውፍረቱ ብቻውን ግጭት አይፈጥርም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

2. ስለ ቃሉ

"ጥሩር" የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ በይበልጥ የሚታወቀው በመጽሐፍ ቅዱስ አማካይነት ነው። ጦረኛ በደረቱና በጎኑ ላይ የሚለብሰው የብረት ወይም የናስ ልብስ ነው። "ብረት ለበስ" የሚለው አገላለጽ ደግሞ በዘመናዊው የውትድርና ቋንቋ ለተሽከርካሪ ተለምዷል። እዚህ የምንነጋገርበት ነገር የሁለቱ ድቅል ነው። እንደ ጥሩር በሰው ገላ ላይ ይለበሳል፤ እንደ ተሽከርካሪ ደግሞ በሞተር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ "ባለ ሞተር ጥሩር" ብንለው ከነገሩ አንርቅም።

ጥሩርን በተመለከተ ከዳዊትና ከጎልያድ ታሪክ የበለጠ የሚታወቅ ትረካ የለም። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 የጎልያድ ጥሩር ክብደቱ አምስት ሺህ ሰቅል እንደ ነበረ ተጽፏል። ይህ በዛሬው ሚዛን 57 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ተራኪው የመሣሪያውን ዝርዝር በጥንቃቄ ያቀርባል፤ የራስ ቁሩን፣ የእግር መከላከያውን፣ የጦሩን ዘንግ ሳይቀር ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ግን በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሌላ ጥሩርም መኖሩ ነው። ንጉሥ ሳኦል የራሱን ጥሩር ለዳዊት ያለብሰዋል። ዳዊት ጥቂት ሊራመድ ሞክሮ ስላልለመደው ያወልቀዋል። የትረካው ብልሃት በዚህ ላይ ነው። አንዱ በገዛ ብረቱ ይተማመናል፤ ሌላው የሰው ብረት አልሆን ይለዋል። የተዋሱት ጥሩር እርምጃን እንደሚለውጥ የጥንቱ ተራኪ አውቋል ማለት ነው። የዘመናዊው ሳይንሳዊ ልቦለድ ምርጥ ሥራዎች የሚያብራሩትም ይህንኑ ነው።

3. ክብደቱና ጣጣው

ወደ ልቦለዶቹ ከመግባታችን በፊት የነገሩን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ጥሩ ደራሲ ከዚህ አሠራር ግጭት ያወጣል።

የአንድ ጎልማሳ የቆዳ ስፋት 1.8 ሜትር ካሬ ገደማ ነው። ይህን ገላ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት እንሸፍነው ብንል፣ የአንድ ሜትር ኩብ ብረት ክብደት 7,850 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ልብሱ 140 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የሰባ ኪሎ ሰው ከራሱ እጥፍ የሚከብድ ነገር ተሸክሞ መሮጥ አይችልም። ስለዚህ ሞተር ያስፈልጋል። ሞተሩ ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይሉ ከባትሪ ወይም ከነዳጅ ይመጣል፤ ባትሪው ራሱ ይከብዳል፤ ክብደቱን ለመሸከም ደግሞ የበለጠ ሞተር ያስፈልጋል። ሞተሩም ሰውየውም ሙቀት ያመነጫሉ፤ የታሸገ ልብስ ሙቀቱን አያስወጣም። ለማቀዝቀዝ ሌላ መሣሪያ፣ ለመሣሪያው ሌላ ኃይል ይጨመራል።

ይህ የወረቀት ሂሳብ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ከ1965 ጀምሮ "ሃርዲማን" የተባለ በሰው ላይ የሚለበስ ማሽን ለመሥራት ሞክሮ ነበር። ማሽኑ 680 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን የታሰበውም ያንኑ ያህል ጭነት እንዲያነሣ ነበር። ሙሉ አካሉ ሲንቀሳቀስ ከቁጥጥር ውጭ ስለሚንፈራገጥ ሰው ለብሶት እንዲሠራ አልተደረገም፤ በሚገባ የሠራው አንድ ክንዱ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2013 የአሜሪካ ልዩ ዘመቻዎች ዕዝ "ታሎስ" የተባለ ባለ ሞተር የጦር ልብስ ለማሠራት ዕቅድ ጀመረ። በ2019 ግን የታሰበው ሙሉ ልብስ ሳይደረስበት ዕቅዱ ተቋጨ።

ከዚህ የምንረዳው ባለ ሞተር ጥሩር አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው ነገር አለመሆኑን ነው። ነዳጅ የሚሞላ፣ ብሎን የሚያጠብቅ፣ የተሰበረ የሚጠግን፣ መለዋወጫ የሚያቀርብ ያስፈልጋል። ሰይፍ የያዘ ሰው ብቻውን ሊሸፍት ይችላል። ባለ ሞተር ጥሩር የለበሰ ግን ከጋራዡ ብዙም አይርቅም። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ለምናነሣው የዕዳ ሐሳብ መሠረት ነው።

4. የወታደሩ ጥሩር

ባለ ሞተር ጥሩር በሳይንሳዊ ልቦለድ ውስጥ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በአብዛኛው በሮበርት ሃይንላይን "ስታርሺፕ ትሩፐርስ" በተባለው ልቦለድ ነው። መጽሐፉ በ1959 ታትሞ በ1960 የሁጎን ሽልማት አግኝቷል። ተራኪው ጆኒ ሪኮ የሚባል ወጣት ወታደር ነው። በልብሱ ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባይ መሣሪያዎች የለባሹን ገላ ግፊት እየለኩ እንቅስቃሴውን ያጎላሉ። ሰውየው ክንዱን ሲያነሣ ብረቱ አብሮት ይነሣል፤ ሲዘል ይዘላል። ሪኮ እንደሚያስረዳው የልብሱ ትልቁ ጥቅም ለባሹ ስለ ልብሱ እንዳያስብ ማድረጉ ነው።

በዚህ ልቦለድ ውስጥ ጥሩሩ የሚገኘው በፈቃደኝነት ተመዝግቦ፣ ከባድ ሥልጠና አልፎ፣ ለሠራዊቱ ሕግ ተገዝቶ ነው። በዚያ ማኅበረሰብ የመምረጥ መብት የሚሰጠው አገልግሎቱን ለፈጸመ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ብረቱ የመሐላ ምልክት ነው ለማለት ይቻላል። ብዙ ሐያሲያን ይህን አመለካከት ተቃውመውታል። ሆኖም በሥነ ጽሑፍ ዓይን ሲታይ ጥሩሩ ከልቦለዱ ጭብጥ ጋር በሚገባ ተዋሕዷል፤ ኃይልን መልበስ ኃላፊነትን መልበስ ነው የሚል ጭብጥ አለውና።

በቬትናም ጦርነት የዘመተውና በዚያ የቆሰለው ጆ ሃልድማን በ1974 ባሳተመው "ዘ ፎርኤቨር ዋር" በተሰኘው ልቦለድ ይህንኑ ልብስ ወስዶ ትርጉሙን ገለበጠው። በዚህ ሥራ ውስጥ ልብሱ ከጠላት በፊት የገዛ ለባሹን ይገድላል፤ በሥልጠና ወቅት አንዲት የተሳሳተ እንቅስቃሴ ሞት ታመጣለች። ወታደሮቹ አስቀድሞ በአእምሯቸው ውስጥ በተተከለ ትእዛዝ ተገፍተው ሊዋጋቸው የማይችለውን ጠላት ይጨፈጭፋሉ። ዋናው ገፀ ባሕርይ ዊልያም ማንዴላ ከብረቱም ከትእዛዙም በታች ራሱን ይፈልጋል። "ሰውየው የት አለ?" የሚለው ጥያቄ እዚህ የልቦለዱ ማዕከል ሆኗል።

ሁለቱ ደራሲያን በሐሳብ ቢራራቁም አንድ ነገር ይጋራሉ። የጥሩሩ ባለቤት ታውቋል፤ መንግሥት ነው። ለባሹ ብረቱን ያገኘበት ምክንያት፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ስም አለው።

5. ጥሩሩ ወደ ወንጀል ድርጅት ሲሻገር

የአማርኛ አንባቢ ሕግን የጣሰ ጦረኛ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮው የሚመጣው ሽፍታ ነው። ሽፍታ ግን ስም አለው፤ የሸፈተበት ምክንያት ይታወቃል፤ ጠመንጃው የራሱ ነው። የወንጀል ድርጅት ተዋጊ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። እርሱ የሸፈተ ሳይሆን የተቀጠረ ነው።

ይህን ልዩነት ቀድመው ካሳዩት አንዱ ኤድዋርድ ኤልመር ስሚዝ ነው። "ጋላክቲክ ፓትሮል" የተሰኘው ልቦለዱ ከ1937 እስከ 1938 በ"አስታውንዲንግ" መጽሔት በተከታታይ ወጥቷል። የጠላቱ ወገን "ቦስኮን" ይባላል። በመጀመሪያ የጠፈር ወንበዴዎች ስብስብ ይመስላል፤ ቆይቶ ግን አደንዛዥ ዕፅ የሚነግድ፣ አለቃ በአለቃ ላይ የተደራረበበት ግዙፍ ድርጅት መሆኑ ይገለጣል። ሕግ አስከባሪዎቹም ወንበዴዎቹም በጥሩር ይዋጋሉ፤ መርከብ ሰብረው ሲገቡ ጦርነቱ ወደ መጥረቢያ ይወርዳል። ከድርጅቱ አለቆች አንዱ የሆነው ሄልሙት ሲናገር በራሱ ስም ሳይሆን በቦስኮን ስም ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ይናገራል፤ በድርጅቱ ውስጥ ከላይ እስከ ታች "እኔ" የሚል የለም። የሄልሙት ጠባቂዎች የሚወድቁበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባል። ዋናው ባለ ታሪክ ኪኒሰን በአየር ማስተላለፊያው ውስጥ የሚለቅባቸው ድርጅቱ ራሱ የሚነግደውን ዕፅ ነው። ንግዱ በነጋዴው ላይ ተመለሰ ማለት ነው።

የባለቤትነቱን ጥያቄ በግልጽ ያነሣው ግን በሥዕል የሚተረክ ሥራ ነው። "አይረን ማን" የተባለው ገፀ ባሕርይ በ1963 በማርቭል አሳታሚ ብቅ ሲል የጦር መሣሪያ ሠሪና ባለሀብት የሆነው ቶኒ ስታርክ ብረቱን የሠራው ሕይወቱን ለማትረፍና ከእስር ለማምለጥ ነበር። ዴቪድ ሚክሊኒና ቦብ ሌይተን በ1987 እና በ1988 ባቀረቡት "አርመር ዎርስ" በተባለው ተከታታይ ታሪክ ውስጥ ስታርክ አንድ አስደንጋጭ ነገር ይደርስበታል። የጥሩሩ ንድፍ ተሰርቆ ጀስቲን ሃመር ለሚባል ባለሀብት ተሸጧል፤ ሃመር ደግሞ ለብዙ ወንጀለኞች አድሎታል። ይህ ሃመር ራሱ አይዘርፍም፤ ለዘራፊዎች መሣሪያ እያቀረበ ከዘረፋው ድርሻ ይቀበላል። ብረት የለበሰው ወንጀለኛ በአደባባይ አስፈሪ ነው፤ በሃመር መዝገብ ውስጥ ግን ተበዳሪ ነው።

የታሪኩ ጥንካሬ በዚህ አያበቃም። ስታርክ የራሱን ሥራ ከየለባሹ ላይ ለመንቀል ሲነሣ ወንጀለኛውንም የመንግሥት ጠባቂውንም ያጠቃል። ከጥቃቱ ሰለባዎች አንዱ የስታርክን ንድፍ ጨርሶ ያልተጠቀመ ንጹሕ ሰው ሆኖ ይገኛል። በኋላም በብረት ለብሶ የተዋጋው ሌላ ተቃዋሚ ይሞታል። ባለቤቱ ዕዳውን ሲያስከፍል ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል። አንባቢም "ብረቱ የማን ነው?" ከሚለው ጥያቄ ተነሥቶ "ብረቱ ለሚያደርሰው ጥፋት ተጠያቂው ማን ነው?" ወደሚለው ይሸጋገራል። ተራ የሚመስል የሥዕል ታሪክ በዚህ ዓይነት ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያነሣል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከ"ስታር ዎርስ" ዓለም ነው። "ዘ ክሎን ዎርስ" በተሰኘው የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልም አምስተኛ ምዕራፍ፣ በ2013 መጀመሪያ በታዩት ክፍሎች፣ ዳርዝ ሞል የተባለው ገፀ ባሕርይ በርካታ የወንጀል ሲንዲኬቶችን በአንድ ጥላ ሥር ይሰበስባል። ከነዚህ ጋር "ዴዝ ዋች" የተባሉትን የማንዳሎር ተዋጊዎች ያስተባብራል። የማንዳሎር ሰዎች ጥሩራቸውን እንደ ዘርና እንደ ባህል መታወቂያ የሚያዩ ጦረኞች ናቸው። ሴራው ረቂቅ ነው፤ ሲንዲኬቶቹ ከተማይቱን እንዲያውኩ ይደረጋል፤ ዴዝ ዋችም እንደ አዳኝ ሆነው ይመጡና ሕዝቡ በእልልታ ይቀበላቸዋል። ቀጥሎ ሞል መሪያቸውን በአንድ ለአንድ ፍልሚያ ገድሎ ሥልጣኑን ይይዛል። ለሞል ያደሩት ተዋጊዎች ጥሩራቸውን ቀይና ጥቁር ይቀባሉ፤ አንዳንዶቹም እንደ ሞል ራስ በቁራቸው ላይ ቀንድ ያበቅላሉ። ሌሎቹ እምቢ ብለው ይለያሉ።

እዚህ ብረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀለሙ ነው። በቃል ሊነገር የሚችለው ክህደት ሁሉ በአንድ የቀለም ቅብ ተጠቃሏል። ለተማሪዎቻችን ስለ ተምሳሌት ስናስተምር ከዚህ የተሻለ ቀላል ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የዕዳውን ሐሳብ ከሁሉ አጥብቆ የያዘው ግን ከ2019 ጀምሮ የታየው "ዘ ማንዳሎሪያን" ነው። ባለ ታሪኩ ተፈላጊ ሰዎችን እያደነ በማስረከብ የሚኖር ቅጥረኛ ነው። አንድ ሕፃን ይዞ ለወደቀው መንግሥት ርዝራዦች ያስረክባል፤ ዋጋውንም "ቤስካር" በተባለው የወገኖቹ ብርቅ ብረት ይቀበላል። በብረቱ ላይ የዚያ መንግሥት ማኅተም አለበት፤ ከወገኖቹ የተዘረፈ ብረት ነውና። አንጥረኛዋ ብረቱን አቅልጣ አዲስ ጥሩር ትሠራለታለች። ሰውየው ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልብስ ለብሶ አያውቅም፤ ነገር ግን የለበሰው የሕፃኑን ዋጋ ነው። ተመልሶ ሕፃኑን ለማዳን የሚዋጋው ያንኑ ጥሩር ለብሶ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ጥሩሩ ውፍረት የሚጠይቅ ተመልካች አይኖርም፤ ሁሉም የሚያስበው ከምን እንደ ተሠራ ነው።

6. ክፍተቱ

ስለ ጥሩር ሲነገር ሳይነሣ የማይታለፈው ክፍተቱ ነው። ሁለት እውነተኛ ታሪኮች ነገሩን ያስረዳሉ።

በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ኔድ ኬሊና ሦስት ጓደኞቹ ከማረሻ ብረት ጥሩር ሠርተው በሰኔ ወር 1880 ግሌንሮዋን በተባለች ቦታ ከፖሊስ ጋር ተዋጉ። የኬሊ ልብስ 44 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ደረቱንና ራሱን የመቱት ጥይቶች አልበገሩትም፤ እግሮቹ ግን ያልተሸፈኑ ስለ ነበሩ በዚያ ተመትቶ ወደቀ። ጓደኞቹ በዚያው ሞቱ፤ እርሱ በኅዳር ወር በሜልበርን ተሰቀለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በየካቲት 28 ቀን 1997 በሎስ አንጀለስ ሁለት ጥይት መከላከያ የለበሱ ባንክ ዘራፊዎች ከፖሊስ ጋር ለ44 ደቂቃ ያህል ተታኮሱ። የፖሊሶቹ ሽጉጦች ብዙም አልሠሩባቸውም። በመጨረሻ አንደኛው በገዛ ሽጉጡ ሞተ፤ ሁለተኛው በመኪና ሥር በተተኮሰ ጥይት እግሮቹ ተመትተው ደሙ ፈሶ ሞተ።

ከላይ የተጠቀሰው "ታሎስ" የተባለ ስም የተወሰደውም የቀርጤስን ደሴት ይጠብቅ ከነበረ የግሪክ አፈ ታሪክ የነሐስ ሰው ነው። የታሎስ ሕይወት ያለችው በቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ባለች አንዲት ሥር ነበር፤ እርሷ ስትቆረጥ ሞተ። ጎልያድ በግንባሩ፣ ታሎስ በቁርጭምጭሚቱ፣ ኬሊ በእግሩ ወደቁ። ከእነዚህ ውስጥ አፈ ታሪኩም እውነተኛውም አንድ ነገር ይመሰክራሉ፤ ትረካ የሚገባው በክፍተቱ በኩል ነው።

ደካማ ድርሰት ክፍተቱን በብረቱ ላይ ብቻ ይፈልጋል፤ በአንገት ሥር ያለ ስንጥቅ፣ የተላላ ብሎን። ጠንካራ ድርሰት ግን ክፍተቱን በለባሹና በባለቤቱ መካከል ባለው ውል ውስጥ ያገኘዋል። የሃመር ደንበኛ ክፍተት ያለው በመዝገቡ ላይ ነው። የሞል ተዋጊ ክፍተት በቀለሙ ሥር ያለው የቀድሞ ቀለም ነው። የማንዳሎሪያኑ ክፍተት ሕፃኑ ነው። በእነዚህ ላይ የሚተኮስ ጥይት የለም፤ ሆኖም ሰውየውን የሚጥለው ወይም የሚያድነው ይኸው ነው።

7. ለደራሲውና ለሐያሲው

ከዚህ በላይ ከቀረበው ማብራሪያ ለሚጽፍም ለሚሔስም ጠቃሚ የሆኑ አራት ጥያቄዎች ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፦ ብረቱን የከፈለው ማን ነው? ከወንጀል ድርጅት ነጻ ስጦታ አይገኝም። ዋጋው በገንዘብ፣ በዘመድ ሕይወት ወይም በዝምታ ሊሆን ይችላል። ደራሲው ዋጋውን ካወቀ የሴራውን ግማሽ አግኝቷል።

ሁለተኛ፦ ብረቱን የሚጠግነው ማን ነው? በክፍል ሦስት እንደ ተመለከትነው ባለ ሞተር ጥሩር ያለ ጋራዥ አይኖርም። ለባሹ ከድርጅቱ ሊያመልጥ ቢያስብ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ይህ ቴክኒካዊ ዝርዝር የሚመስል ነገር በታሪኩ ውስጥ የጊዜ ገደብ ይሆናል፤ ልብ ሰቀላም ከዚህ ይፈጠራል።

ሦስተኛ፦ ብረቱ ለባሹን ከምን ይለየዋል? ታሽጎ የሚዋጋ ሰው የሚገድለውን ሰው ትንፋሽ አይሰማም፤ ፊቱ አይታይም፤ ላቡን መጥረግ፣ አፍንጫውን ማከክ አይችልም። ድርጅቱ ስሙን ነስቶ ቁጥር ሲሰጠው ብረቱ የጀመረውን ይፈጽማል። ደራሲው አንዲት ማሳከክ በሚገባ ቢተርክ ከዘጠኝ ገጽ የመሣሪያ ዝርዝር ይልቅ አንባቢን ወደ ውስጥ ያስገባል።

አራተኛ፦ ብረቱ የሚወልቀው መቼ ነው? ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ያወለቀበት ቅጽበት የታሪኩ መታጠፊያ ነው። የወንጀል ድርጅት ተዋጊ ብረቱን ለማውለቅ የሚፈልግበት ቀን ይመጣል ወይስ አይመጣም? ቢመጣ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ሐያሲውም በበኩሉ ሥራውን በዘርፉ ስም ብቻ ከመጣል ይልቅ በእነዚህ ጥያቄዎች ቢመረምረው ተገቢ ነው። በዚህ ዘርፍ ብዙ ባዶ ሥራ መኖሩ አይካድም፤ ብረት ከብረት ከማጋጨት በቀር ምንም የማይሉ ታሪኮች ሞልተዋል። ይህ ግን በየትኛውም ዘርፍ ያለ ነው። በፍቅር ልቦለድም በታሪካዊ ልቦለድም ባዶ ሥራ አለ፤ በዚህ ምክንያት ዘርፎቹን አናወግዝም።

8. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ባለ ሞተር ጥሩር በሳይንሳዊ ልቦለድ ውስጥ ያለውን ትርጉም ለማሳየት ተሞክሯል። በሃይንላይን ሥራ ጥሩሩ መሐላ ነው፤ በሃልድማን ሥራ የተከዳ መሐላ ነው። ወደ ወንጀል ድርጅት ሲሻገር ግን መሐላው ቀርቶ ዕዳ ይሆናል። ስሚዝ የድርጅቱን ስም የለሽነት፣ "አርመር ዎርስ" የባለቤትነቱን ጥያቄ፣ የማንዳሎር ታሪኮች የቀለሙንና የዋጋውን ነገር አሳይተዋል። ጥሩ ድርሰት የሚጀምረው ብረቱ ስንት ጥይት ይችላል ከሚለው ሳይሆን ለባሹ ለማን ያድራል ከሚለው እንደ ሆነ ከእነዚህ ሥራዎች መረዳት ይቻላል።

ያ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለና ይጻፍ አይጻፍ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አያውቅም። ድርሰቱን መልሶ ሲያስበው ግን በዘጠኙ ገጾች መካከል ያኔ ያላየው አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ ነበረ ያስታውሳል። ቁጥር ሰባት ከግዳጅ ሲመለስ ብረቱን የሚፈቱለት ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር፤ ራሱ መፍታት አይችልም። ታሪኩ እዚያ ነበር። ተማሪው ሳያውቀው ጽፎታል፤ መምህሩ ደግሞ ሳያነበው አለፈ። በግርጌው ላይ መጻፍ የነበረበት "ሰውየው የት አለ?" የሚለው ሳይሆን "እነዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ባይመጡስ?" የሚለው ነበር።